ሲሚኖቭ ምን በደለች?

በአዴት በኩል፣ አልፎም በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር፣ አንድን ጎልማሳ አንገት ለማስደፋት ረጅም ስድብ አያስፈልግም። ትከሻው ላይ ያለችውን ጠመንጃ አይቶ ፈገግ ማለት ይበቃል። በተለይ ጠመንጃዋ ሲሚኖቭ ከሆነች። «አያ፣ ይቺ ምርኩዝ አሁንም ትተኩሳለች እንዴ?» ይላል የክላሹን ሰደፍ ቆዳ ያለበሰው ጎረምሳ። ጎልማሳውም አብሮ ይስቃል። ማታ ግን ከባለቤቱ ጋር የሚማከረው ስለ ማዳበሪያ ዕዳ አይደለም፤ ከሁለቱ በሬዎች የትኛው ቢሸጥ እንደሚሻል ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ። በሬ ብቻውን አያርስምና ሁለተኛውም ተከትሎ ይሸጣል። መሬቱ ለእኩል አራሽ ይሰጣል። ግቢው ውስጥ የሚያርስ ነገር ጠፍቶ የሚተኮስ ነገር ይቀራል። ሰውየው ገበሬ ነበር፤ ባለ ክላሽ ሆነ። ለዚህ ሹመት ሞቅ አድርገው የሚያጨበጭቡለት ደግሞ ሞፈር ጨብጠው የማያውቁ፣ ከከተማ ሆነው በስልካቸው የፉከራ ዘፈን የሚከፍቱ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ እኔ ዛሬ ለሲሚኖቭ ጥብቅና ልቆም ነው። ነገሩ የብረትና የእንጨት ፍቅር ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልሻማሁ። ክርክሬ አጭር ነው፦ ቤቱንና ከብቱን መጠበቅ ለሚፈልግ ገበሬ፣ አንድ ቃታ ለአንድ ጥይት የምትተኩስ ዐሥር ጎራሽ ትበቃዋለች። ከዚያ በላይ የሚጨመረው ሁሉ፣ ታጣፊው ሰደፍ፣ ጥንዱ ካዝና፣ ሩምታው፣ የሌላ ሰው ጦርነት ዕቃ ነው። ዋጋው ግን የሚከፈለው ከገበሬው በረት ነው።

ለማያውቃት

ሲሚኖቭ፣ ወታደሩ ኤስኬኤስ የሚላት፣ ስሟን ያገኘችው ከነዳፊዋ ከሰርጌይ ሲሞኖቭ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 ተነደፈች፤ በ1949 የሶቪየት ጦር መደበኛ መሣሪያ ሆነች። ከፊል አውቶማቲክ ነች። ይህ ማለት ቃታዋን አንዴ ስትስብ አንድ ጥይት ትተኩሳለች፣ ቀልሃውን ራሷ ትተፋለች፣ ቀጣዩን ራሷ ትጎርሳለች። ሁለተኛውን ለመተኮስ ግን ጣትህን ለቀህ እንደገና መሳብ አለብህ። ሆዷ ዐሥር ጥይት ይይዛል። ሰደፏ እንጨት ነው። ከአፈሙዟ ሥር የምትታጠፍ ሳንጃ አለቻት። ባዶዋን አራት ኪሎ አትሞላም።

ጥይቷ 7.62 በ39 የሚባለው፣ ከእነ ቤልጅግ ጥይት ያጠረው፣ ትከሻ የማይሰብረው ጥይት ነው። ክላሽም የሚበላው ያንኑ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የሚስቀው ጎረምሳና የሚሳቅበት ጎልማሳ ዝናራቸው ውስጥ ያለው ጥይት አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ በብዛትና በፍጥነት ላይ ነው። ክላሽ ሠላሳ ይጎርሳል፤ ሩምታ ላይ ከተደረገ ሠላሳውን በሦስት ሰከንድ ያህል ይጨርሳል። ሲሚኖቭ ደግሞ የብረት ቱቦዋ ከክላሹ ዐሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ረጋ ብሎ አልሞ ለሚተኩስ ሰው ትታመናለች። አንዱ ለሚያልም፣ ሌላው ለሚረጭ የተሠራ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከፊል አውቶማቲክ ለኢትዮጵያዊ እጅ አዲስ ነገር አይደለም። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በኮሪያ ጦርነት አሜሪካ ሠራሹን ኤም ዋን ይዘው ተዋግተዋል። እ.ኤ.አ. በ1953 ከአሜሪካ ጋር የተፈረመው ወታደራዊ ስምምነት ደግሞ ያንኑ ዓይነት መሣሪያ ወደ ንጉሡ ጦር አመጣው። ደርግ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ፊቱን ወደ ሞስኮ ሲያዞር የምሥራቁ ጎራ መሣሪያ ጎረፈ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን ደግሞ የወታደሩ መሣሪያ በየመንገዱ ተበተነ፤ ለቀለብና ለመንገድ ሲል የሸጠ ብዙ ነው። ሲሚኖቭም ክላሽም በገጠሩ ጎጆ ውስጥ የተሰቀሉት በእንዲህ ዓይነት መንገድ ነው።

«አዲስ» ብሎ ነገር

ሲሚኖቭን «አሮጌ» ብለው የሚስቁ ሰዎች የጠመንጃ ስሞቻችንን ቆም ብለው ቢያዳምጡ ጥሩ ነበር። ውጅግራ የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ ነው፤ ምንሽር የማንሊከር ስም ነው፤ ቤልጅግ ከነስሙ ቤልጅግ ነው። አንዱም ጎጃም ውስጥ አልተቀጠቀጠም። ወደ እኛ የመጣውም አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ሲሰለቸው ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 አዲሱን ለበል ስታስታጥቅ የተረፋት ግራ በነጋዴ እጅ ወደ ምኒልክ መጣ፤ ዐድዋም ላይ ዋለ። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ምንሽሩን ጥሎልን ሄደ። ሶቪየት ክላሽን ስትወድ ሲሚኖቭን ለወዳጆቿ አከፋፈለች።

እንግዲህ እኛ «አዲስ» የምንለው ሌላው የጣለውን ነው። በዚህ ዓይነት ገበያ ላይ ተቀምጦ የጎረቤትን ጠመንጃ «አሮጌ» ማለት፣ ሰልቫጅ ለብሶ በሰልቫጅ መሳቅ ነው። ለነገሩ በሞስኮ፣ በክሬምሊን ግንብ ሥር ባለው የማይታወቀው ወታደር መቃብር ላይ የሚቆሙት የክብር ዘቦች የሚይዙት ይህችኑ ሲሚኖቭ ነው። ፈጣሪዎቿ ለክብር ያቆሟትን እኛ ምርኩዝ አልናት።

ጌጡ

አሁን ወደ ጌጡ እንምጣ። የዚህ ዘመን ባለ ክላሽ መሣሪያ ገዝቶ አይቆምም፤ ያስጌጠዋል። ሰደፉን ቆዳ ያለብሳል፤ እንጨቱ ላይ የናስ ምስማር ይደረድራል፤ ማንገቻውን በዶቃና በባለ ቀለም ክር ያሠራል። እንጨት ሰደፉን አስነቅሎ ታጣፊ ያስገባል። ሁለት ካዝና አፍና ጅራት አድርጎ በፕላስተር ያጣምራል። ከዚያ ፎቶ ይነሣል። ፎቶው ከባለቤቱ ቀድሞ ባሕር ዳር ይደርሳል።

ጌጥ በራሱ ነውር አይደለም። አባቶቻችንም ጋሻቸውን በብር አስለብጠዋል፣ የጎራዴያቸውን አፎት በቀይ ቆዳ አሰፍተዋል። የሚወደውን ዕቃ የማያሳምር ሰው የለም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይህ ሁሉ ማሳመር ለመሣሪያው ምን ያደርግለታል? ለባለቤቱስ?

አንድ በአንድ እንየው። ሰደፍ ላይ የተጠቀለለ ቆዳ ዝናብና ላብ ይዞ ይውላል፤ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ የተጠጋው ብረት ይዝጋል። ምስማር የተደረደረበት እንጨት በምስማሩ መስመር ይሰነጠቃል። ጥንዱ ካዝና ላይኛው ሲተኩስ የታችኛው አፉን ከፍቶ አፈር ይልሳል፤ ሰውየው ተንበርክኮ ከተኮሰ ጭቃ ይጎርሳል፤ በክፉ ቀን ገልብጦ ሲያጎርሰው ይነክሳል። ታጣፊው ሰደፍ የተፈለሰፈው ከታንክና ከአውሮፕላን ለሚወርድ ወታደር ነው። አዴት ላይ ከምን ሊወርድበት ነው? ከበቅሎ? ትከሻ ላይ እንደ እንጨቱ አይረጋም፤ ስለዚህ ያነጣጠረው ቀርቶ ያላነጣጠረው ይመታል። የታጣፊው ዋና ጥቅም አንድ ነው፦ በጋቢ ሥር ይደበቃል። ከብቱን የሚጠብቅ ሰው ጠመንጃውን በጋቢ ሥር የሚደብቀው ከማን ነው?

ይህ የኛ ብቻ ዕብደት እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ቻይና ሠራሽ ሲሚኖቮች ከመቶ ዶላር ባነሰ ዋጋ ይቸበቸቡ ነበር። ገዢው ወሰደና እንጨቷን ነቅሎ ፕላስቲክ አለበሳት፣ ሳንጃዋን ቆረጠ፣ ለዐሥር በተሠራ ሆዷ ላይ የሠላሳ ካዝና ሰካ። ካዝናው እየነከሰ አስቸገረው። ዛሬ እዚያው አገር ሰብሳቢዎች ዋጋ ጨምረው የሚፈልጉት ማንም ያልነካትን፣ ከፋብሪካ እንደወጣች ያለችውን ነው። ያ ሁሉ ማሳመር ዋጋ መቀነሻ ሆኖ ቀረ።

ለጠመንጃ ከሆነ የሚገባው ጌጥ ሦስት ነው፦ ቅባት፣ መወልወያ ጨርቅ፣ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ። እነዚህን ሦስቱን ፎቶ አንሥቶ የሚለጥፍ ግን አላየሁም።

ጅብ ሩምታ አይፈልግም

«ገበሬ ጠመንጃ ለምኑ?» የሚል የከተማ ሰው አለ። መልሱ ቀላል ነው። ፖሊስ ጣቢያው በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ የሆነበት ሰው፣ ሌሊት በረቱ ሲንኳኳ የሚደውልለት የለውም። ለሱ ጠመንጃ ማለት የበር መወርወሪያ ነው። ይህን የማይረዳ ሰው ስለ ጎጃም ገጠር ባይናገር ይሻላል።

ነገር ግን ያው ገበሬ ሌሊት የሚመጡበትን እንቁጠር፦ ጅብ፣ ሌባ፣ ቢበዛ ከብት ነጂ ሽፍታ። ጅብ ሩምታ አይፈልግም፤ አንዲት ጥይት ወደ ሰማይ ሰምቶ ይሄዳል። ሌባም እንዲሁ። ሽፍታው ቢጠና እንኳ ዐሥር ጥይት ጎረቤት ነቅቶ «ማነህ!» እስኪል ታደርሳለች። የገበሬ ዋናው ምሽግ ጎረቤቱ ነው፤ ጠመንጃው ጎረቤት መጥሪያ ነው።

አሁን ደግሞ ቀን ላይ የሚመጣውን እንቁጠር። እዚህ ላይ ነው ሒሳቡ የሚያስፈራው። በኛ አገር ሰው ሰውን የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ በማያውቀው ሽፍታ ምክንያት አይደለም። «ድንበሬን ገፋኸው»፣ «ውኃዬን አዞርከው»፣ «በሠርግ ላይ ደፈርከኝ» ብሎ ነው። ተጋዳዮቹ አንድ ማኅበር የጠጡ፣ አንድ ደቦ የወጡ ናቸው። ነጠላ የምትተኩስ ጠመንጃ በእንዲህ ዓይነት ጠብ መሐል አንድ ነገር ትሰጣለች፦ በመጀመሪያው ጥይትና በሁለተኛው መካከል ያለችውን ትንፋሽ። በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ሴቶች ይጮኻሉ፣ ቄሱ መስቀል ይዘው ይሮጣሉ፣ ተኳሹ ራሱ ያደረገውን ያያል። ሩምታ ያችን ትንፋሽ አይሰጥም። ጣቱ ሲነቃ ካዝናው ባዶ ነው፤ መሬት ላይ ያለው ደግሞ ጠበኛው ብቻ አይደለም፤ ሊገላግል የመጣው አማቹም፣ በአጠገቡ የሚያልፈው ልጅም ነው።

ደም መመለስ ባለበት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አንድ ሟች ማለት አንድ የሚመለስ ደም ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ጉማ ተቆርጦ፣ ምሎ ተማምሎ ይደርቃል፤ ቢያስቸግርም ይደርቃል። ሦስት ሟች ማለት ግን ሦስት ቤት፣ ሦስት ወገን፣ ሦስት ቂም ነው። ሁለቱ ሲታረቁ ሦስተኛው ያፈርሰዋል። ሽማግሌዎቻችን የደም ማድረቅ ጥበባቸው የተቀመረው ጦርና ነጠላ ጠመንጃ በነበረበት ዘመን ነው። ሠላሳ ጥይት በሦስት ሰከንድ የሚያፈሰውን ደም የሚያደርቅ ሽምግልና ገና አልተወለደም።

የደስታ ተኩስም አለ። ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ እንደሚወርድ ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ሙሽራ ሲገባ አንዲት ጥይት አጉርሶ አንዴ የሚያጮህ ሰውና ካዝናውን በድንኳኑ ላይ የሚያራግፍ ሰው የሚፈጥሩት አደጋ እኩል አይደለም። ሠርጉን ለቅሶ ሲያደርገው ደግሞ ሩምታ ለነጠላው የማይመጣ ሰበብ አለው፦ «ማን እንደመታው አልታወቀም»።

«ጠላት ክላሽ ይዞ እኔ ሲሚኖቭ?»

ይህን ጥያቄ በደንብ አውቀዋለሁ፤ ዋናው መከራከሪያም እሱ ነው። «ጊዜው ክፉ ነው፤ ሌላው በታጠቀበት አገር እኔን ዐሥር ጎራሽ ይበቃሃል ማለት ተረት ነው» ይላል። ክፉ ጊዜ መሆኑን ማንም አይክድም። መጋቢት 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ተወሰነ። ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ ከአየር በተፈጸመ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን አንድ የሆስፒታል ባለሥልጣን ለዜና ወኪሎች ተናገሩ።

ከአየር ነው ያልኩት። እዚያ ቀን ለሞቱት ሰዎች ክላሽ ምን ያደርግላቸው ነበር? የተጌጠውስ? ታጣፊውስ? ሰላማዊ ሰውን ከሰማይ የመታ ኃይል የሚጠየቀው በሕግና በታሪክ ነው፤ ይጠየቅም። ነገር ግን «ራሴን ለመከላከል» ብሎ በሬውን የሸጠ ሰው ከምን እንደተከላከለ ራሱን ቢጠይቅ ጥሩ ነው። ከዐሥር ወደ ሠላሳ ያሳደጋት ጉርሻ ከሰማይ ለሚመጣ ነገር ያው ዜሮ ነች።

ታሪክ ለሚወድ ጎጃሜ ደግሞ ሌላ ምሳሌ አለ። በ1960 ዓ.ም. አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አንከፍልም ብሎ የጎጃም ገበሬ ተነሣ። ያን ጊዜም ከሰማይ አውሮፕላን መጥቶ ደብድቦታል። በእጁ የነበረው ከአርበኝነት ዘመን የተረፈ አሮጌ ጠመንጃ ነው፤ ከአውሮፕላን ጋር የሚመዛዘን አልነበረም። ሆኖም ግብሩ ጎጃም ላይ ሳይጸና ቀረ፤ አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴም ከጎጃም ተነሡ። ያሸነፈው በደቂቃ የሚተፋው የጥይት ብዛት አልነበረም። ገበሬው ገበሬ ሆኖ በአንድ ቃል መቆሙ ነበር። በሬውን አልሸጠም፤ ግብሩን ከለከለ እንጂ።

እንጨት ጻድቅ አያደርግም

በሌላ በኩል ደግሞ የኔን ክርክር ሰምቶ «እንግዲያው እንጨት ሰደፍ ያላት ሁሉ የዋህ ነች» ብሎ የሚሄድ እንዳይኖር። ከፊል አውቶማቲክም ይገድላል፤ በብዛትም ይገድላል። ሩገር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ሚኒ 14 የምትባል እንጨት ሰደፍ፣ ትንሽ ካሊበር፣ ስታዩዋት የእርሻ ዕቃ የምትመስል ጠመንጃ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1989 ሞንትሪያል ውስጥ አንድ ሰው በሷ 14 ሴቶችን ገደለ። በ2011 ኖርዌይ ውስጥ በዑቶያ ደሴት 69 ሰዎች በተጨፈጨፉበት ቀን ገዳዩ ከያዛቸው አንዷ ይህችው ነበረች። ካናዳ በ2020 ከለከለቻት።

ስለዚህ «መልኳ የድሮ ነው» የሚለው መከራከሪያ አይደለም፤ ያም ራሱ ጌጥ ነው። መልክ በቆዳም ሆነ በእንጨት ያታልላል። የምከራከረው ስለ ሦስት ነገር ነው፦ ስንት ትጎርሳለች፣ በስንት ፍጥነት ትተፋለች፣ በማን ስም ተመዝግባለች። ሲሚኖቭ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ለገበሬ የሚሆን መልስ አላት። ሦስተኛው ግን የሷ ጥፋት አይደለም፤ የመንግሥት ነው።

ለባለሥልጣኑም ቃል አለኝ

በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጣ። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነው ይላል፤ ፈቃድና ምዝገባ ይጠይቃል። በወረቀት ላይ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ገበሬው ግን ምዝገባ የሚለውን ቃል የሚያነበው በራሱ መዝገበ ቃላት ነው። በሱ መዝገበ ቃላት «ምዝገባ» ማለት «የነገው ለቀማ ስም ዝርዝር» ማለት ነው። በያንዳንዱ ዘመቻ መጀመሪያ የሚንኳኳው የተመዘገበው ሰው በር ከሆነ፣ ሕግ ያከበረ ሰው ተቀጣ ማለት ነው። ያላስመዘገበውማ ማን ያውቀዋል? ስለዚህ ሽማግሌው ሲሚኖቩን ቀብሮ ያዝጋታል፤ ጎረምሳው በጨለማ ክላሽ ይገዛል። ተደብቆ መያዝ ካልቀረ ትልቁን መደበቅ ይሻላል ብሎ ነው። ይህን ሒሳብ ያስተማረው ለቀማው ነው።

ሌላ መንገድ አለ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ዜጋ ወታደር ጠመንጃውን ቤቱ ያስቀምጣል። አገልግሎቱን ሲጨርስ ሊያስቀረው ከፈለገ ሩምታው ተነቅሎ፣ ነጠላ ብቻ እንዲተኩስ ተደርጎ ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህም የጦር ጥይቱን ቤት ከማስቀመጥ ወደ ግምጃ ቤት መልሰውታል። እኛ ስዊዘርላንድ አይደለንም፤ ተራራ ብቻ ነው የሚያመሳስለን። ሐሳቡ ግን ለአዴትም ይገባል፦ ጠመንጃውን ሳይሆን ሩምታውን ንቀል። ለአንድ ቤት አንድ፣ ነጠላ ተኳሽ፣ በግልጽ የተመዘገበ፣ ባለቤቱ ወንጀል እስካልሠራ ድረስ ማንም ካድሬ በየዘመቻው የማይነካው። «ሲሚኖቭህን አስመዝግብ፤ አልነካህም» የሚል ቃል ከተሰጠና ቃሉ ለአንድ ትውልድ ከተጠበቀ፣ ክላሹ ራሱ እየወጣ ይመጣል። ቃሉ ሳይጠበቅ ቢሰጥ ግን የቀረችውን ጥቂት እምነት ቀብሮ መውጣት ነው።

ይህ ጥይት እየጮኸ የሚሠራ ሥራ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ምዝገባ ሰላም ይፈልጋል። ሰላሙን የሚያመጡት ደግሞ ጠመንጃ ያላቸው ሁሉ ናቸው፤ ትልቁን የያዘው መንግሥት ይቅደም።

እስከዚያው

እስከዚያው ግን የማንንም አዋጅ የማይጠብቅ ነገር በእጃችን አለ። ዘፋኙ፣ ቪዲዮህ ላይ ክላሽ ከምትደረድር አንድ ጥማድ በሬ አቁም፤ ለማስጌጥ ካማረህ ቀንበሩን አስጊጥ። በውጭ አገር ያለኸው ወንድሜ፣ ለዘመድህ የምትልከውን ዶላር ለምን እንደሚያውለው ጠይቅ፤ ለክላሽ ከሆነ ጥጃ ግዛ በለው። ሽማግሌዎች፣ በሠርግ፣ በገበያና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሩምታ የሚተኩስ ሰው ከማኅበርና ከዕድር ይወገዝ ዘንድ እናንተ ስትናገሩ ይሰማል፤ እኛ ብንጽፍ ግን አይሰማም።

አንተም በሬህን ልትሸጥ የተነሣኸው ጎልማሳ፣ አንዴ ስማኝ። አዴት ውስጥ የግብርና ምርምር ማዕከል ሲቋቋም የተፈለገው አንተ ከምታርሳት መሬት ትንሽ ተጨማሪ ኩንታል እንድታወጣ ነው። ያች ኩንታል በሬ ትፈልጋለች። በክላሽ የታረሰ ማሳ ግን እስካሁን አልታየም። ሲሚኖቭህን ወልውላት፣ ቅባት ቀባት፣ ከልጆች አርቀህ ስቀላት። የሚስቅብህ ጎረምሳ ይሳቅ። ሰኔ ሲገባ ማን ጥማድ እንደሚለምን፣ ማንስ ጥማድ እንደሚያውስ አብረን እናያለን።

ቸር ያሰማን።